የውሃ ማይት፦ ጭራ ያለውና ድብልብሉ አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከአንድ ኩሬ በመረብ የሰበሰብኩትን እየለየሁ ነው። የትንኝ እጮቹን ጨረስኩ፣ የውሃ ማይቶቹ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ለማታውቋቸው፣ የመዥገርና የሸረሪት ዘመዶች ናቸው፤ ባለ ስምንት እግር፣ የኔዎቹ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ። አንዱ ዓይነት ድብልብል ነው። ሌላው ከኋላው ጭራ መሳይ ነገር አለው። ሁለት ዝርያ ብዬ ልመዝግብ? አዲስ ከሆኑስ ስም ማውጣት እችላለሁ እንዴ? ደግሞ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ባስቀምጣቸው ድርቅ አሉብኝ፣ ቀይ ቀለማቸውም ለቀቀ።

የኩሬ ሰው፦
ቆይ እህቴ፣ ሁለት ብለሽ እንዳትመዘግቢ! ጭራ ካለው አሬኑሩስ የሚባለው ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ምድብ) ሳይሆን አይቀርም። ስሙ ራሱ ከግሪክኛ «ወንድ» እና «ጭራ» ከሚሉት ቃላት የመጣ ነው። ጭራው የወንዱ ነው፣ ድብልብሏ ሴቷ ልትሆን ትችላለች። ወንዱን በጭራው ቅርጽ ዝርያው ድረስ ትለዪዋለሽ፤ ሴቶቹ ግን ስለሚመሳሰሉ ያደክማሉ። ድሮ ወንድና ሴቷ ለየብቻ ስም የወጣላቸው ሁሉ አሉ። ግን አንድ ኩሬ ውስጥ ብዙ የአሬኑሩስ ዝርያ አብሮ ሊኖር ስለሚችል፣ አብረው ተገኙ ብለሽ ዝም ብለሽ አታጋቢያቸው 😄 እጩንም ተጠንቀቂ፦ ስድስት እግር ብቻ ነው ያለው፣ ትንኝና ሌሎች ነፍሳት ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር ፈጽሞ ሌላ ፍጥረት ይመስላል።

ጠርሙስ፦
አልኮሉ ነው ያደረቀብሽ። የማይት ሰዎች የኮኒኬ ፈሳሽ የሚሉትን ይጠቀማሉ፦ አምስት እጅ ግሊሰሪን፣ አራት እጅ ውሃ፣ አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ። እግሩም ሰውነቱም ልስልስ ብሎ ስለሚቆይ፣ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉትን አጫጭር እጅ መሳዮች ነቅለሽ ስላይድ ላይ ማየት ትችያለሽ። ዝርያ ሲለይ ዋናው ነገር እነሱና የመራቢያ ክፍሉ አካባቢ ያለው ቅርጽ ነው።

የኩሬ ሰው፦
@ጠርሙስ ልክ ነህ፣ ግን ዲኤንኤ ማየት ከፈለገች አሲዱ ያበላሽባታል። የተወሰኑትን ጠንከር ያለ አልኮል፣ 96 በመቶ ውስጥ ታስቀር።

ስም አውጪ፦
ስሙን በተመለከተ፣ ትችያለሽ። ማንም ይችላል። ግን መግለጫው በወጉ ታትሞ መውጣት አለበት፤ ስሙን የሚሸከም አንድ ናሙናም ተመርጦ፣ በተለምዶ ሙዚየም ይቀመጣል። ጥሩ ምሳሌ ልስጥሽ፦ የዝርያ ስም አወጣጥን ሥርዓት ያስያዘው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 አንዱን ቀይ የውሃ ማይት አካሩስ አኳቲኩስ አለው። ያኔ ማይት ሁሉ አካሩስ ነበር። በኋላ ሊምኖካሬስ ወደሚባል ጂነስ ሲዛወር፣ የጂነሱ ስም በላቲን ሰዋስው የሴት ጾታ ስለሆነ አኳቲኩስ ወደ አኳቲካ ተቀየረ። ከዝርያው ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የሰያሚው የሊኒየስ ስምም በቅንፍ ገባ። ቅንፍ ካየሽ ዝርያው ከመጀመሪያ ጂነሱ ተዛውሯል ማለት ነው። በራስሽ ስም ግን አትሰይሚ፣ ሕጉ ባይከለክልም ነውር ነው።

ጀማሪዋ፦
ኧረ ተመስገን፣ ገና አልጻፍኩትም ነበር። ድብልብሎቹን «አሬኑሩስ፣ ሴት፣ ዝርያዋ ያልተለየ» ብዬ ልተዋቸው ነው። ግሊሰሪኑ ከፋርማሲ የሚሸጠው ይሆናል?

ጠርሙስ፦
ይሆናል። ሽቶ የሌለበትን ግዢ።