የጋራ ማመልከቻው ረቂቅ፦ እስከ ሰኞ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊዋ፦ የፎቶ ማኅበራችን ለኤግዚቢሽኑ ገንዘብ የሚጠይቅበት ማመልከቻ ረቂቅ ይኸው። አምና ከየሃርድ ዲስካችን ያማረ ያማረውን ለቅመን ልከን «ለቀማ ነው» ተብሎ እንደተመለሰ ታውቃላችሁ። እውነታቸውን ነው፣ ለቀማ ነበር። ዘንድሮ አራት ሰው፣ አራት ሥራ፣ ዓመት ሙሉ። ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ጉም ከአንድ ድንጋይ ላይ፤ የባቲ ሰኞ ገበያ፣ ከሰው ጀርባ ጨርቅ ተወጥሮ፤ የሐይቅ ውሃ በሎንግ ኤክስፖዠር፣ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ፤ የእኔ የዱዓ ቡና፣ መጀመሪያ በእርሳስ ተስሎ ከዚያ የሚነሳ። ገንዘቡ ለኅትመት ነው። በጥጥ ወረቀት፣ ለአንድ ምስል አምስት ቅጂ፣ ከዚያ በላይ አይታተምም።

የኮምቦልቻው፦ ፕሪንተር እንገዛለን ብለን አልነበር? መዋጮ የሰበሰብነው ለእሱ መስሎኝ።

ጸሐፊዋ፦ አስወጥቼዋለሁ። የፒግመንት ቀለም ፕሪንተር ሳይሠራ ከከረመ አፉ ይደፈናል፤ ለማጽዳት ብቻ ስንት ቀለም እንደሚበላ ጠይቁ። መብራቱንም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ እናሳትማለን። በጀቱን አንተ ሠርተህ እሑድ ላክልኝ።

የኮምቦልቻው፦ እሺ፣ እልካለሁ።

የሐይቁ፦ አዳራሹን እኔ እጠይቃለሁ። ሰው አለኝ።

የፒያሳው ስቱዲዮ፦ ገጽ ሁለት ላይ «በምስሉ ላይ ስምም ሆነ ሎጎ አይኖርም» ይላል። ማን ወሰነው? ከ1979 ጀምሮ ከሥራዬ ግርጌ ስሜን ሳልመታ ያወጣሁት ፎቶ የለም። ከደሴው ሰኞ ገበያ በላይ ሆኜ ያነሳሁትን ከተማውን አንዱ ሆቴል ግድግዳ ላይ ሰቅሎት አየሁ። ስሜን ቆርጦ። አሁን ደግሞ የገዛ ማኅበሬ ይቁረጠኝ?

የባቲው፦ ጋሼ፣ የሚቆርጥዎት የለም። በኅትመቱ ጀርባ በእርሳስ ይፈርማሉ፣ ቁጥሩንም 1/5 ብለው ይጽፋሉ። ኤግዚቢሽን ላይ የሚደረገው እንዲህ ነው።

የፒያሳው ስቱዲዮ፦ ከጀርባ የተጻፈ ፍሬም ሲገባ ይደበቃል። ገልብጦ የሚያየው ማን ነው? ሠዓሊውስ ሸራው ላይ ይፈርም የለ?

የባቲው፦ ሸራው አንድ ነው። ፎቶ ግን ይባዛል፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ የሚያስፈልገው። ገዢ የሚከፍለው ከአምስቱ አንዱን ስለያዘ ነው።

የሐይቁ፦ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. አፋር ዳሎል ላይ የሠራቻቸውን 12 ምስሎች ያየ ሰው የእሷ መሆናቸውን ማኅተም ሳይፈልግ ያውቃል። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ የተቀባው ፊት። ቀድማ ትስለዋለች፣ ልብሱን ታሰፋለች፣ ገላውን ታስቀባለች፣ ካሜራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ፊርማ ማለት እሱ ነው።

የፒያሳው ስቱዲዮ፦ እሷን ዓለም ያውቃታል። እኔን ከቧንቧ ውሃ ማዶ የሚያውቀኝ የለም። ታዲያ ስም የሚያስፈልገው ለማን ነው?

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ ልክ ናቸው። የማሊው ፎቶ አንሺ ሰይዱ ኬይታ ባማኮ ላይ ማኅተሙን ይመታ አልነበር? ዛሬ ፎቶው ሙዚየም ውስጥ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ከኬይታ ማኅተሙን ብቻ ነው የምትወስዱት? የገዛ አልጋ ልብሱን መጋረጃ አድርጎ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ፊልሙ ውድ ስለሆነ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ ይጫን ነበር። ከመጫኑ በፊት ግን እጁን፣ አንገቱን፣ የቀሚሱን እጥፋት ሁሉ ያስተካክላል። እኛ አንድ የባቲ ነጋዴ ላይ ሰማንያ ጊዜ ተኩሰን ቤት ገብተን እንመርጣለን። የዘንድሮው ሥራ ይኼን ልማድ ለመተው ነበር። በበጀቱ ላይ እስካሁን አንድ ሰው አልጻፈም፤ ሁላችሁም ስለ ሎጎ ናችሁ።

የባቲው፦ ስሙን በትልቁ ማየት የሚፈልግ ባነር ያሳትም።

የፒያሳው ስቱዲዮ፦ ባነር? የአባትህን ሠርግ ያነሳሁ እኔ ነኝ። ሦስት ሺህ ብሬን መልሱልኝ፤ ከዝርዝሩም አውጡኝ።

የኮምቦልቻው፦ ጋሼ ከወጡ እኔም እወጣለሁ።

የወልዲያዋ፦ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን አልቻልኩም። የማንን ስም ነው የምትጣሉበት? በ1977ቱ ረሃብ ኮረም ላይ የተነሳውን ምስል ዓለም ሁሉ አይቶታል። ያኔ ኮረም ወሎ ነበር። ያነሱት ሰዎች ስማቸው ይታወቃል፣ ሽልማቱም የእነሱ ነው። የተነሱት እናቶች ግን እስከዛሬ «ረሃብተኞች» ናቸው። አያቴ ያ ምስል በቴሌቪዥን በመጣ ቁጥር ተጠግታ ታይ ነበር፤ «ይችን አውቃት ይሆን?» እያለች። ስም ይጻፍ ካላችሁ የተነሳው ሰው ስም ይቅደም። ባቲ ላይ ጨርቅ ወጥረን የምናቆመው ግመል ነጂ ስም የለውም?

የባቲው፦ ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ። በንዴት ነው የጻፍኩት።

የፒያሳው ስቱዲዮ፦ አፉ ብያለሁ። የወልዲያዋ ልጅ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። መዝገብ አለኝ። ስቱዲዮዬ ገብቶ የተነሳ ሰው ስሙ፣ ቀኑ፣ የነጌቲቩ፣ የታጠበው ፊልም ማለቴ ነው፣ ቁጥር ተጽፏል። አንዳንዱ ቁጥሩ ላይ ውሃ ገብቶበታል፤ ቢሆንም መጋረጃዬን ሦስት ጊዜ ስለቀየርኩ ከኋላ ያለውን አይቼ ዘመኑን እነግራችኋለሁ። ሐይቁ የተሳለበት የመጀመሪያው ነው።

ጸሐፊዋ፦ ኬይታም እንዲሁ ነበር ጋሼ። መጋረጃውን በየሁለት ሦስት ዓመቱ ስለሚለውጥ በእሱ ነበር ዓመቱን የሚለየው። ነጌቲቩ ምን ያህል ነው?

የፒያሳው ስቱዲዮ፦ አራት ካርቶን። አንዱን ስከፍተው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል።

የጦሳው፦ ያ ሽታ ፊልሙ እየተበላ መሆኑ ነው። ዛሬውኑ ከሌሎቹ ይለዩት፣ ጭሱ ደህናውንም ያበላሻል። ፕላስቲክ ውስጥ አያፍኑት፤ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

የወልዲያዋ፦ ይኼ ይግባ! የወሎ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ከነስሙ። ከኮረሙ ሌላ ምስል እንዳለን ይታይ። ወልዲያ ላይም የተዘጋ ስቱዲዮ አውቃለሁ፤ ልጆቹን አነጋግራለሁ።

የኮምቦልቻው፦ እንግዲያው ስካነር እንግዛ። የፕሪንተሩን ብር ወደዚያ እናዙረው።

የባቲው፦ ቆይ። ማመልከቻው ስለ አዲስ ሥራ ነበር። ስካን ማድረግ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው፤ እኛ ምን እንሠራለን?

የወልዲያዋ፦ ከነጌቲቩ ውስጥ ሰዎቹን ፈልገን ዛሬ በዚያው መጋረጃ ፊት ብናነሳቸውስ? አዲስም አሮጌም ነው።

የባቲው፦ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሚጽፈው ግን ማን ነው? እኔ ጨርቁን አሰፍቼ ጨርሻለሁ። ሁለት ሰኞም ሄጄበታለሁ።

ጸሐፊዋ፦ እሑድ ማታ ነው። በጀቱ አልደረሰኝም። የሐይቁ፣ ያ «ሰው አለኝ» ያልከው ሰውዬ ምን አለ? ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሳህም።

ጸሐፊዋ፦ አሁን ያለው ይኼ ነው። አንደኛ፣ የጋሼ ነጌቲቭ፣ ከመዝገቡ ጋር። ሁለተኛ፣ ባቲ፣ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የተነሳው ሰው ሙሉ ስም፣ ከነፈቃዱ። የሐይቁ መልስ ስላልሰጠ ሥራው ወጥቷል። ጦሳንና የእኔን ቡና ለመጪው ዓመት አሳድሬያቸዋለሁ፤ ከፋኝ፣ ግን አራቱም በዚህ ገንዘብ አይታተሙም። አዳራሽ የለንም። የሎጎውን ዓረፍተ ነገር ለጊዜው አውጥቻለሁ፤ ይፈቀዳልም አይፈቀድምም አይልም።

የፒያሳው ስቱዲዮ፦ መጻፍ አለበት። ከተነሳው ሰው ስም ሥር ያነሳው ሰው ስም። እኩል መጠን።

የባቲው፦ ፎቶው ላይ ወይስ ግድግዳው ላይ?

የፒያሳው ስቱዲዮ፦ ፎቶው ላይ።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ ነገ መላኪያው ነው።

የጦሳው፦ እኔ መውጣቴን አይቻለሁ። ዛሬም ከንጋቱ 12 ሰዓት ድንጋዩ ላይ ነበርኩ፤ ጉሙ እስከ ሦስት ሰዓት አልተገለጠም፤ ከተማው አንድም ቤት ሳይታይ አንስቼዋለሁ። አርባ አንደኛው ጠዋት ነው። በማመልከቻው ቢገባም ባይገባም ነገ እወጣለሁ።

የኮምቦልቻው፦ የስካነሩን ዋጋ ማን ይጠይቅ?