የሪህ ኪኒን ለልብ ታማሚ ይሰጥ ወይስ ይቅር?

ጠያቂው፦ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። አባቴን አምና ሃርት አታክ ይዟቸው ስቴንት (ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላቸዋል። ስታቲን እየዋጡ ኮሌስትሮላቸው ወርዷል። አሁን ሐኪማቸው ኮልቺሲን ልጨምር አሉ። ይሄ የሪህ መድኃኒት አይደል እንዴ? ከልብ ጋር ምን አገናኘው?

ፋርማሲስቱ፦ ይገናኛል ወንድሜ። ደም ስር የሚጠበው ስብ ስለተለጠፈበት ብቻ አይደለም። ነጭ የደም ሴሎች ስቡን ሊያጸዱ ይገቡና ውጠውት እዚያው ይቀራሉ፣ ከዚያ «ድረሱልን» የሚል መልእክት ይለቃሉ፣ ሌሎች ይጎርፋሉ፣ ግድግዳው ይቆጣል፣ የፈነዳ ቀን ደም ይረጋበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የካንቶስ ጥናት ከመልእክቶቹ አንዱን፣ ኢንተርሉኪን 1 ቤታን፣ ካናኪኑማብ በሚባል መርፌ ዘጋው። ሃርት አታክ ይዟቸው የሚያውቁ ከ10,000 በላይ ሰዎች ናቸው። ኮሌስትሮላቸው ንቅንቅ ሳይል፣ 150 ሚሊግራም የወሰዱት ላይ ሃርት አታክ፣ ስትሮክና የልብ ሞት ተደምሮ በ15 በመቶ ቀነሰ።

ተጠራጣሪዋ፦ ግማሹን አትዝለላ! በኢንፌክሽን የሚሞተው ጨመረ እኮ። አጠቃላይ ሞት ላይ ለውጥ አልታየም። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤም በ2018 ለልብ አልፈቀደውም። ዋጋውንማ ተወው።

ፋርማሲስቱ፦ ለዚህ አይደል ያንን ቁጣ ወደሚያበርደው ወደ ድሮው ኪኒን፣ ወደ ኮልቺሲን፣ የዞሩት? ሎዶኮ 2 የሚባለው ጥናት በ2020 ወጣ፤ 5,522 ሰው፣ በቀን 0.5 ሚሊግራም ኮልቺሲን፣ በልብና በደም ስር አደጋዎች ላይ 31 በመቶ ቅናሽ። ኤፍዲኤ በ2023 ፈቀደው።

ተጠራጣሪዋ፦ በዚያው ጥናት ከልብ ውጪ በሆነ ምክንያት የሞቱት ኮልቺሲን ከወሰዱት ወገን በዛ ይላሉ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ እሺ። የ2024ቱ የኮልቺሲን ጥናት፣ ክሊርስ? 7,000 ሰው ተጠንቶ ምንም ጥቅም አልተገኘም!

ፋርማሲስቱ፦ የክሊሮቹ ገና ሃርት አታክ እንደያዛቸው የጀመሩ ናቸው። የሎዶኮ 2ዎቹ ግን ቢያንስ ስድስት ወር የተረጋጉ ነበሩ፣ ልክ እንደሱ አባት። እኔ ብሆን አስጀምራቸው ነበር።

ነርሷ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ኩላሊታቸውን ማን ጠየቀ? ኩላሊት ከደከመ ኮልቺሲን ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ጉሮሮ አሞኛል ብለው ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ቢታዘዝላቸው ደግሞ መጠኑ ወደ መርዝነት ይሄዳል፣ ሰው ሞቶበታል። ተቅማጥማ ቀላሉ ነው።

ጠያቂው፦ ኧረ! አባቴ የሁሉንም መድኃኒት በአንድ ፌስታል ነው የሚይዙት፣ ያለፈው ክረምት አንቲባዮቲክ ትራፊም አለበት። ፌስታሉን እንዳለ ይዤላቸው እሄዳለሁ። የኩላሊት ምርመራውንም ሳላይ አያስጀምሯቸውም።