«ዲድ ዩ ፊኒሽ ዬት?» ኤክስ ነው ወይስ ራይት?

የደብረ ብርሃኑ አባት፦
እስቲ ፍረዱኝ። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ አምስት ጥያቄ ጽፋችሁ ኑ ተባሉ። አንዱን «ዲድ ዩ ፊኒሽ ዬት?» ብሎ ጻፈ። ጨረስክ ወይ ማለቱ ነው። መምህሩ በቀይ እስክርቢቶ ኤክስ አድርጎ ከጎኑ «ሃቭ ዩ ፊኒሽድ ዬት?» ብሎ አረመለት። ልጁ አኩርፏል። አሜሪካ ያለችው አክስቱ ስትደውል እንደዚያ ነው የምትለው። ወንድሜም «ፈረንጅ ራሱ እንደዚያ ካወራ መምህሩ ምን አግብቶት ነው?» እያለ ነገሩን ያባብሳል። እኔ መምህሩን ማሳጣት አልፈልግም። ግን ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሰው የሚያወራውን ነው ወይስ መጽሐፉ የሚለውን?

የመሐል ሜዳው መምህር፦
ኤክሱ ልክ ነው። ወሬ ሌላ፣ ፈተና ሌላ። ልጅዎ ነገ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚያጠቁረው አንድ ክብ ነው። «አክስቴ እንዲህ ትላለች» ብሎ አቤት የሚልበት ቢሮ የለም። በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ተደረገ፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእሱ ሆነ። መሠረቱ ከላላ ሁሉም ላላ። «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ»፣ «ዬት» ካየህ ሃቭ አስገባ ብለን ነው የምናስተምረው። ስልሳ ልጅ ክፍል ውስጥ አስቀምጠህ «እንደ አገሩ ነው» እያልክ ማስተማር አይቻልም።

ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የምታጠናው፦
መምህር፣ በአክብሮት፣ እሱ የእንግሊዞቹ ልማድ ነው። አሜሪካኖች ሁለቱንም ይላሉ፤ በንግግርማ ፓስት ሲምፕሉን፣ ያለ ሃቭ የሚነገረውን ያለፈ ጊዜ፣ ያዘወትሩታል። የልጁ መልስ አሜሪካዊ ነው እንጂ ስሕተት አይደለም።

ቀይ እስክርቢቶ የሚገባው ሌላ አለ። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ።» ይህን ለንደንም ኒውዮርክም አይቀበሉትም። ትናንት፣ አምና፣ ማክሰኞ ተብሎ ጊዜው ከተቆረጠ ሃቭ ቦታ የለውም። እኛ ደግሞ በብዛት የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ አማርኛችን ይፈቅድልናላ! «ትናንት አይቼዋለሁ» ብትል ማን ያርምሃል? «ትናንት አየሁት»ም ያስኬዳል። «ሄዶ ነበር» የሚለው ግን «ሃድ ጎን» ከሚለው ጋር ብዙ አይጣላም። ለዚህ ነው ተማሪው ፓስት ፐርፌክቱን (የሃዱን) ቶሎ ይዞ ፕሬዘንት ፐርፌክቱ (የሃቩ) ላይ የሚንገዳገደው። መምህራን ጊዜያቸውን እዚህ ላይ ቢያጠፉ ይሻላል።

ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው፦
እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ለተሻለ ቦታ ኢንተርቪው ገባች። ጠያቂው የውጭ ሰው ነው። ስፌት ላይ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ ለማለት «አይ ወርክድ ኢን ሶዊንግ ፎር ስሪ ይርስ» አለችው። ሰውየው ቀና ብሎ «ታዲያ ለምን ተውሽው?» አላት። ልጅቷ ከማሽኑ ተነስታ ነው የገባችው! ክሩ ሹራቧ እጅጌ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «ሃቭ ወርክድ» ብትለው እስካሁን እዚያው እንዳለች ይገባው ነበር። «ዋናው መግባባት ነው» የምትሉ፣ ይኸው አልተግባቡም።

የደብረ ብርሃኑ አባት ወንድም፦
እሺ፣ ግን ያ ሰውዬ እንግሊዝ ነው? አሜሪካዊ ነው?

ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው፦
ከእስያ ነው። እሱም እንደኛው ከመጽሐፍ ነው የተማረው፤ ነገሩም እሱ ነው ወንድሜ። እዚህ አገር በእንግሊዝኛ የምታወራው ሰው ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ አፍ የፈታበት አይደለም። እሱ የአክስታችሁን ሰፈር አነጋገር አያውቅም። የሚያገናኘን የትምህርት ቤቱ ግራመር ነው።

የሸዋ ሮቢቱ ነጋዴ፦
ድሮም እንደዚያው ነው። በፈረንጆቹ 1841 ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲመጣ በማስተርጎም ያገዘው ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ጀርመናዊ ነው። ሸዋና እንግሊዝ የተዋዋሉት በጀርመን አፍ ነው ማለት ይቻላል።

የደብረ ብርሃኑ አባት ወንድም፦
የልጁ ሆምወርክ አንኮበር ቤተ መንግሥት ደረሰ። ጉድ ነው!

የጓሳው አስጎብኚ፦
እኔ መንዝ ጓሳ እንግዳ ይዤ እወጣለሁ። ጭላዳ ፊቱ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ የእኔን ቴንስ የሚቆጥር ቱሪስት እስካሁን አላጋጠመኝም። አዲስ ልጆች ስናለማምድ የሚያስቸግረን ተውላጠ ስም ነው። አማርኛ ውስጥ ድንጋዩም «እሱ» ነው፣ ድመቷም «እሷ» ናት። እንግሊዝኛ ያንን «ኢት» የሚሉትን ይፈልጋል። እኛ «ዘነበ» ብለን እንጨርሳለን፤ እነሱ ዘንድ ያለ «ኢት» አይዘንብም። ሌላው ደግሞ «ዘ ፎክስ ዊች አይ ሶው ኢት» ነው። «ያየሁት ቀበሮ» ስንል «ት»ዋ ስላለች እንግሊዝኛው ላይም «ኢት» የሚል ጅራት ይቀጥሉለታል።

የመሐል ሜዳው መምህር፦
ተውላጠ ስም ካነሣን እኔም አንድ አለኝ። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው መጽሐፉን አመጣ ለማለት «ኤቭሪዋን ብሮት ዜር ቡክ» የሚል መጥቷል። ኤቭሪዋን ነጠላ፣ ዜር ብዙ። እኛ የተማርነው «ሂዝ» ነው። ይኼም ራይት ይሁን?

የአንኮበሯ፦
መምህር፣ ራይት ከሆነማ ቆይቷል። የ«ዜር» እናት «ዜይ» ለአንድ ሰው ሲነገር ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላትም በ2019 የዓመቱ ቃል ብሎታል። «ዩ» ራሱ ድሮ የብዙ ነበር። ለአንድ ሰው «ዛው» ነበር የሚባለው። ለትልቅ ሰው አክብሮት ሲባል «ዩ» ተባለ፣ ውሎ አድሮ «ዛው»ን ዋጠው።

ይልቅ የሸዋ ሰው በዚህ ሲገረም ነው የሚገርመኝ። አባባ ብቻቸውን በር ላይ ቆመው «አባባ መጡ» እንላለን። ሰውየው አንድ፣ ግሱ የብዙ። «እሳቸው» ስንልም ወንድ ይሁኑ ሴት አይለይም። ይኼን በአፋችን ይዘን «ዜር» ላይ ኤክስ ማድረግ ምን ይሉታል?

የመሐል ሜዳው መምህር፦
የእኛ አክብሮት ነው፣ የእነሱ ስንፍና።

የአንኮበሯ፦
ስንፍና አይደለም ጋሼ። ታክሲ ውስጥ የወደቀ ስልክ አገኙ እንበል። የወንድ ይሁን የሴት አያውቁም። «ሰምዋን ሌፍት ዜር ፎን» ካላሉ ምን ሊሉ ነው?

የመሐል ሜዳው መምህር፦
ስልኩን ለረዳቱ እሰጣለሁ።

ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የምታጠናው፦
ሃሃ! ግን መጥበቅም ልክ አለው። ልጆቹን «ሚ ኤንድ ማይ ፍሬንድ» አትበሉ፣ «አይ» በሉ እያልን ስናስፈራራቸው «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ማለት ይጀምራሉ። ከ«ቢትዊን» በኋላ «ሚ» ነው በሕጉ። በር ተንኳኩቶ «ማነው?» ሲባልም «ኢት ኢዝ አይ» የሚል ሰው ፈልገው አያገኙም፤ ሁሉም «ኢትስ ሚ» ነው የሚለው።

የደብረ ብርሃኑ አባት፦
ኧረ እኔን መልሱልኝ። ልጁን ምን ልበለው?

ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የምታጠናው፦
ከአክስትህ ጋር እንደ አክስትህ አውራ፣ ፈተና ላይ ሃቭ ጻፍ በለው። ሁለቱንም ማወቁ ትርፍ ነው።

የመሐል ሜዳው መምህር፦
እኔ ብሆን ግማሽ ነጥብ እሰጠው ነበር። «የስተርደይ» ላይ ሃቭ ቢያስገባ ግን ዜሮ።

የደብረ ብርሃኑ አባት፦
እንግዲያው ማክሰኞ የወላጅ ስብሰባ አለ፣ አነሣዋለሁ።

የመሐል ሜዳው መምህር፦
በሰው ፊት እንዳያነሡት አደራ። ከስብሰባው በፊት ስታፍ ክፍል ጎራ ብለው ለብቻው ይጠይቁት።