አርቪ-7 ላይ ተንሸራታች ካኖፒ፦ አሁን ልቁረጥ ወይስ ሰመርን ልጠብቅ?

ጋራዥ_ሚኒሶታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒያፖሊስ አካባቢ፣ ጋራዤ ውስጥ የቫንስ አርቪ-7 (ባለቤቱ ራሱ የሚገጣጥመው ትንሽ አውሮፕላን) እየሠራሁ ነው። ክንፉም ጭራውም አልቋል። አሁን ካኖፒው (ከመቀመጫው በላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ክዳን) ላይ ደርሻለሁ። የመረጥኩት ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን ነው። በሙቀት ጊዜ መሬት ላይ ስነዳ ትንሽ ከፍቼ ነፋስ ማስገባት እፈልጋለሁ።

ሁለት ነገር አስጨንቆኛል። የብረት ፍሬሙን ሬሉ ላይ ሳስቀምጠው ቀኝ ጎኑ ከአውሮፕላኑ አካል ሩብ ኢንች ያህል ወጣ ይላል። ፕሌክሲግላሱን (የካኖፒውን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ሳስርበት ይስተካከል ይሆን? ሁለተኛ፣ ጋራዡ በጣም ቀዝቃዛ ነው። በማሞቂያ አሙቄ ፕሌክሲውን ለዊንድሽልዱ (ለማይንቀሳቀሰው የፊት ክፍል) እና ለተንሸራታቹ ለሁለት የሚከፍለውን ትልቁን ቁርጥ ልቁረጥ? ፕሌክሲው ውድ ነው፤ ከተሰነጠቀብኝ ሌላ መግዛት አልችልም።

ላሜራ_ዳላስ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ! እዚህ የደረሰ ሰው ይጨርሰዋል።

ፍሬሙ በራሱ አይስተካከልም። ፍሬሙ እንደተጣመመ ካሰርክበት የሚጎብጠው ፕሌክሲው ነው። ጎብጦ የታሰረ ፕሌክሲ ውጥረቱን ይዞ ይቆይና አንድ ብርዳም ጠዋት ከቪቴ ቀዳዳ ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፕሌክሲውን ከነመከላከያ ላስቲኩ አስቀምጠው። ለጊዜው ሥራህ የፍሬሙ ቱቦ ላይ ብቻ ይሁን። ቱቦው ይታጠፋል፣ አትፍራ። ትንሽ አጥፈው፣ ሬሉ ላይ መልሰው፣ ለካ፣ እንደገና አጥፈው። አሰልቺ ነው፤ ግን የካኖፒ ሥራ ዋናው እሱ ነው።

ጎኑን ብቻ አትይ። ሮል ባሩ (አውሮፕላኑ ቢገለበጥ ራስህን የሚከላከለው ቅስት) እና የፍሬሙ የፊት ቱቦ ከላይ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሁለቱ ላይ አጋድም፤ መሃሉንም ትከሻዎቹንም ፈትሽ። አንዱ ከፍ ካለ፣ ከተቆረጠ በኋላ ዊንድሽልዱና ተንሸራታቹ መሃል ደረጃ ይወጣል። ያንን ፕሌክሲውን በመጫን ማስተካከል አይቻልም።

ስለ ብርዱ፦ ፕሌክሲ ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ከ80 ዲግሪ ፋራናይት በታች አትቁረጠው፣ አትብሳው። የጋራዡ አየር መሞቁ አይበቃም፣ ፕሌክሲው ራሱ ዳር እስከ ዳር መሞቅ አለበት። ጋራዡን እዚያ አድርሰህ ማቆየት ካልቻልክ ሰመርን ጠብቅ። ፍሬሙ እስከዚያ ሥራ አያሳጣህም። ስትቆርጥ መጋዝ አይሁን፤ ስስ የመቁረጫ ዲስክ ይሁን። የተቆረጠውን እየተከተልክ በቴፕ ያዘው፣ በክብደቱ ተንጠልጥሎ እንዳይገነጠል። ከዚያ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ስንጥቅ የሚጀምረው ከጭረት ነው።

ቀዳዳውን ለፕላስቲክ በተሠራ ፑንታ ብሳው፤ ፕሌክሲው ላይ ከቪቴው ሰፋ ይበል። ፕሌክሲ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ፣ ከብረት ስድስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። አንድ ሜትሩ በ30 ዲግሪ ሴልሲየስ ልዩነት 2 ሚሊሜትር ያህል ይለወጣል። አንተ አገር ደግሞ የጥርና የሐምሌ ልዩነት ከዚያ ይበልጣል። መላወሻ ስጠው።

ሲያትል_ሃንጋር፦
ጋሼ ላሜራ ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ቀዳዳ ጨርሶ አልፈለግኩም፣ በሲካፍሌክስ 295 ማጣበቂያ ነው የለጠፍኩት። ፕሌክሲው ሲለጠጥ ማጣበቂያውም አብሮት ይሳባል። ፕራይመሩን (ከማጣበቂያው በፊት የሚቀባውን) መዝለል ግን አይቻልም፤ የማጣበቂያው ውፍረትም ዙሪያውን እኩል ይሁን። ሎክታይት የሚባለው የብሎን ሙጫና አሴቶን ደግሞ ፕሌክሲው አጠገብ እንዳይደርሱ። ደቃቅ ስንጥቅ ያወጡበታል።

ላሜራ_ዳላስ፦
ማጣበቁም ጥሩ ነው፣ ፍሬሙ ከተስተካከለ። ማጣበቂያ የጎበጠ ፕሌክሲ መያዣ አይደለም። አንድ ነገር ልጨምር፦ አውሮፕላኑ ቢገለበጥ ተንሸራታች ላይከፈት ይችላል። ፕሌክሲ መስበሪያ መሣሪያ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ላይ እሰር።

ጋራዥ_ሚኒሶታ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ማስመሪያውን ዛሬ ማታ አጋድማለሁ፣ ቁርጡን ለሰመር ትቼዋለሁ። የኋላውን ስከርት (የካኖፒውን ጠርዝ ከአካሉ ጋር የሚያገጥመውን ሽፋን) ግን ከአሁኑ ልጀምረው?

ላሜራ_ዳላስ፦
አይ፣ ተወው። ስከርቱ ልኩን የሚያገኘው ፕሌክሲው ፍሬሙ ላይ ታስሮ ካለቀ በኋላ ነው። የኋላው ጠርዝ ነፋስ እንዳይስበው ከአካሉ ጋር ገጥሞ መተኛት አለበት። አሉሚኒየሙ እምቢ ካለህ በፋይበርግላስ ሥራው፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ፍሬሙን ስታስተካክል የሮል ባሩን ፎቶ ከጎን አንስተህ ላክልኝ፣ አየዋለሁ።