መልቲፊውል ስቶቭ ያለበት ቤት ተከራየን፤ ምን እናንድድበት?

የለምለም እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ እንግሊዝ ገጠር አካባቢ ቤት ተከራይተን ገባን። ጋዝ የለውም። ሳሎኑ ውስጥ መልቲፊውል ስቶቭ የሚሉት የብረት ምድጃ አለ። አከራዩ «እንጨትም ከሰልም ያነዳል» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ። ትናንት ማታ እንጨት አነደድን። ጭሱ ወደ ቤት ተመለሰ፣ መስታወቱም ጠቆረ። ልጄን ራሷን አመማት። ግድግዳው ላይ አላርም የለም። ምን ዓይነት ማገዶ ልግዛ? ጭስ ማውጫውን የሚያስጠርገውስ ማነው፣ እኔ ወይስ አከራዩ?

ታዛቢ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽ እንዴት ናት? ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ከእሳት የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ያመጣል። ከቤት ስትወጡ የሚሻላችሁ፣ ስትመለሱ የሚብስባችሁ ከሆነ እሱን ጠርጥሪ። ዛሬ ምድጃውን አትለኩሺው። መስኮት ክፈቺ። ወደ ጤና ምክር መስመሩ 111 ደውይና ምድጃ አንድደን ነበር በያቸው። ራሷን ከሳተች ግን ይዘሻት ውጪና ወደ ድንገተኛ አደጋ መስመሩ 999 ደውይ።

የለምለም እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት ደህና ሆና ነው የተነሳችው። አሁኑኑ እደውላለሁ።

ጋሼ መካኒክ፦
ልጄ፣ እኔ የኖርኩት እነዚህን ምድጃዎች ስገጥምና ስጠግን ነው። ረጋ ብለሽ አንብቢኝ።

እንጨትና ከሰል አየር የሚፈልጉት በተለያየ በኩል ነው። ከሰል ከሥር፣ በፍርግርጉ በኩል አየር ካላገኘ በደንብ አይነድም። እንጨት ግን አመድ ላይ ተኝቶ፣ ከላይ በሚገባ አየር ሲነድ ነው የሚያምርበት። ስለዚህ ለእንጨት ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር አመድ ተይለት። በጭራሮ ለኩሺ፣ እሳቱ እስኪያያዝ የታችኛውን መክፈቻ ክፈቺ፣ ከዚያ እሱን ዘግተሽ በላይኛው ተቆጣጠሪው። ለከሰል ተቃራኒው ነው። ፍርግርጉን እያራገፍሽ አመዱን በየቀኑ አውጪ። መሳቢያው ሞልቶ አመዱ ፍርግርጉን ከነካ ብረቱ በግለት ይጣመማል።

መስታወቱ የጠቆረው እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ወይም አየር ስላነሰው ነው። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ትንሽ መለኪያ ይሸጣል። ፍልጡን እንደገና ሰንጥቀሽ አዲሱን ፊት ለኪ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ ከሜይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ2 ሜትር ኩብ በታች የሚሸጥ እንጨት «ሬዲ ቱ በርን» (ለመንደድ ዝግጁ) የሚል ምልክት ሊኖረው ይገባል። ተራው ጥቁር የቤት ከሰል በከረጢት መሸጡ የቀረውም ያን ቀን ነው። ከሰል ካልሽ ስሞክለስ የሚባለውን ጭሱ ያነሰ ማገዶ ወይም አንትራሳይት የሚባለውን ጠንካራ የድንጋይ ከሰል ግዢ። አንትራሳይት ለመያያዝ ያስቸግራል፤ ከተያያዘ ግን ብዙ ሙቀት ይሰጣል፣ ቶሎም አያልቅም።

ሁለቱን አንድ ላይ አታንድጂ። የእንጨቱ እርጥበት ከከሰሉ ድኝ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆንና የጭስ ማውጫውን ቱቦ ይበላዋል። ማታ አየሩን ዘግቶ እንጨት እያጨሱ ማሳደርም አደገኛ ነው። ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ቱቦው ላይ ይጋገርና አንድ ቀን ራሱ በእሳት ይያያዛል።

ጭሱ ለምን እንደተመለሰ ግን ሳይጠረግ አይታወቅም። የወፍ ጎጆም ሊሆን ይችላል።

አዲስ ገቢ፦
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ገንዘብ ነው። የማገዶ ሂሳብ ከፍዬ፣ አገር ቤት ለእናቴ መድኃኒት ልኬ፣ ኪራይ አይተርፈኝም። እኔ ከግንባታ ቦታ የተጣለ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) እያመጣሁ ነው ክረምቱን የማልፈው። ደረቅ ነው፣ ነጻ ነው።

ጋሼ መካኒክ፦
ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ፓሌቱ ላይ የታተመውን ፊደል ግን እይ። «ኤምቢ» የሚል ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ የታከመ ነው፤ ፈጽሞ አይነድም። «ኤችቲ» በሙቀት ብቻ የታከመ ማለት ነው። እሱም ቢሆን ምን እንደፈሰሰበት አይታወቅም። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ኤምዲኤፍ የሚባለው በሙጫ የተጋገረ ጣውላ፣ የድሮ አጥር ከነጭራሹ ይቅር። አጥሩ አርሴኒክ ባለበት ኬሚካል የተነከረ ሊሆን ይችላል። ልጆችህ የሚተነፍሱት እሱን ነው።

ናፍቆት፦
ስለ እሳት ስታወሩ ሆዴ ባባ። እዚህ ቤቱ ይሞቃል፣ እሳቱ ግን አይታይም። ልጅ ሆኜ እናቴ ፍሙን ስታራግብ አጠገቧ ኩርምት ብዬ እተኛ ነበር። እኔ ስቶቭ የለኝም። የባርቤኪው ከሰል ገዝቼ ሳሎን ውስጥ በትንሽ ማንደጃ ባቀጣጥል ብዬ አስቤያለሁ።

ታዛቢ፦
ናፍቆትዬ፣ በፍጹም! የአገር ቤቱ ማጀት በየቀዳዳው አየር ያስገባል፤ እዚያም ቢሆን የከሰል ጭስ ስንቱን ጨርሷል። እዚህ መስኮቱም በሩም ጥብቅ ነው። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ። ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ብቻ ነው፤ ሳይጠፋም ወደ ቤት አይገባም። የለምለም እናት፣ አንቺም ግድግዳው ላይ የአየር ቀዳዳ ካለ በርዶሽ እንዳትደፍኚው። ብዙ ሰው በቴፕ ያሽገዋል።

የለምለም እናት፦
አለ! ከእኔ በፊት የነበረው ሰው በጨርቅ ወትፎታል። አሁን አወጣሁት። አላርሙንስ ራሴ ልግዛ?

ታዛቢ፦
ግዴታው የአከራዩ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ በእንግሊዝ በግል አከራይ ቤት እንዲህ ያለ ምድጃ ያለበት መኖሪያ ክፍል ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ሊኖረው ይገባል። እምቢ ካለ ለካውንስሉ፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ አመልክቺ። እስከ 5,000 ፓውንድ ሊቀጡት ይችላሉ።

አዲስ ገቢ፦
ይሄ ምክር ሰው ያስወጣል። ገና ገብታ ካውንስል ትጥራበት? ሰው አገር ነን። አላርም ውድ አይደለም፤ ገዝታ ትስቀልና ዝም ትበል።

ታዛቢ፦
ገዝታ ትስቀል፣ ለዛሬ ማታ እኔም እስማማለሁ። ዝም ትበል ያልከውን ግን አልቀበልም። እሷ ስትወጣ ሌላ ቤተሰብ ይገባል።

አዲስ ገቢ፦
አንተ የራስህ ቤት ስላለህ ነው። ከልጅ ጋር ቤት ፈልገህ «ቦታ የለም» ተብለህ ታውቃለህ?

ጋሼ መካኒክ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ለእሷ ብላችሁ ነው። በትሕትና በኢሜይል ትጻፍለት፤ ክስ አይደለም፣ መዝገብ ነው። ልጄ፣ ረመጡን ደግሞ ክዳን ባለው ብረት ባልዲ ደጅ አኑሪው። ከአመድ ሥር ያለ ፍም ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ፕላስቲክ ቢን ውስጥ እንዳትደፊው።

የለምለም እናት፦
እሺ ጋሼ፣ እጽፍለታለሁ። 111 ደውዬ ሐኪም ይያት ብለውኛል፤ እየሄድን ነው። ውሉን አየሁት፤ የጭስ ማውጫ ጠረጋን የሚያነሳ ቃል የለውም። ታዲያ ማን ይከፍላል?

አዲስ ገቢ፦
ይኸው! ኢሜይሉን ስትልኪ መጀመሪያ የሚልሽ «ራስሽ አስጠርጊ» ነው። ከዚያ ኪራይ ይጨምራል።

ታዛቢ፦
ወንድሜ፣ ባልሆነ ነገር አታስፈራራት። እኔ ሦስት አከራይ ጋ ጽፌ አንዱም አላስወጣኝም።

አዲስ ገቢ፦
እኔን አንዱ አስወጥቶኛል። የደረሰብኝን ነው የምናገረው።