ከናይት ዱቲ በቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ፦ ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

አስታማሚው፦
እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። ነርሶች ሌሊት መንግሥት ሆስፒታል ያድራሉ፣ ጠዋት ግል ክሊኒክ ይገባሉ፣ ማታ ተመልሰው ዱቲ። አባቴን ሳስታምም ያየሁትን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግሉኮሱ አልቆ ደም ወደ ቱቦው መመለስ ጀመረ። ነርሷን ፍለጋ ሮጥኩ። እስክሪብቶ እንደያዘች ቻርቱ ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። ስቀሰቅሳት ደንግጣ ተነሣች። "አልጋ ቁጥር 11" አልኳት። እሷ 17 ጋ ሄዳ ቆመች። አልተቆጣኋትም፣ አሳዘነችኝ። ግን በእጇ መርፌ ይዛ ቢሆንስ?

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ያን ሌሊት ስንት ታካሚ ይዛ እንደነበር ግን ጠይቀሃታል? እኛ ማታ ሁለት ሆነን ሠላሳ ምናምን አልጋ እንይዛለን። የስድስት ሰዓቱን መድኃኒት ጀምረን መጨረሻው አልጋ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። መሃል ላይ አንዱ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ሁሉም ይቆማል። ክሊኒኩንስ ወድጄ የያዝኩት መሰለህ? የቤት ኪራይ ነው! በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያው በደመወዝ ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም የደረሰው እኮ ለጨዋታ አይደለም።

ፋርማሲስቱ፦
ሲስተር፣ እውነትሽን ነው። ድካም ግን ኪራይ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል ይላል። ከናይት ወጥቶ ክሊኒክ የገባ ሰው ይህን በስንት ሰዓት ያልፈዋል? ጠጥቶ የመጣ ባልደረባሽን ኢንሱሊን እንዲሰጥ ትፈቅጂለታለሽ?

ከኦክላንድ፦
እኔም ነርስ ነኝ፣ ካሊፎርኒያ። እዚህ የታካሚው ቁጥር በሕግ የተወሰነ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፣ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ። ተራ ዋርድ ለአንድ ነርስ ቢበዛ 5፣ አይሲዩ (የፅኑ ሕሙማን ክፍል) 2። ግን አንዋሽ፣ ሁለት ቦታ የምንሠራ ሐበሾች ሞልተናል። የእኔ የኪራይ ጉዳይ እንኳን አልነበረም፣ አገር ቤት ፎቅ ጀምሬ ነው (እሱም አላለቀም)። አንድ ንጋት ላይ የመድኃኒት ፓምፑ ላይ 2.5 ማስገባት ሲገባኝ 25 ጻፍኩ። ማሽኑ ጮኸብኝ። ሁለተኛውን ሥራ በዚያው ሳምንት ተውኩት።

ሲስተር፦
እኛ ጋ የሚጮኽ ማሽን የለም እኮ፣ የሚጮኸው አስታማሚው ነው።

አስታማሚው፦
እሺ፣ ሁለተኛ ሥራው ይቅር አንበል። ከናይት የወጡበትን ቀን ብቻ ብንከለክልስ?

ሲስተር፦
ክሊኒኩ የሚፈልገኝ በዚያ ቀን ነዋ! ሌላውን ቀን ሆስፒታል ነኝ። መጀመሪያ ሰው ይጨመርልን፣ የዱቲ ክፍያው በጊዜው ይግባልን፣ ከዚያ ከልክሉኝ፣ ራሴ እፈርማለሁ። በሉ ርክክብ ደርሷል፣ ልግባ።