ለዕጣ ብዬ የመታወቂያዬን ፎቶ ሰጠሁ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሱፐርማርኬት በር ላይ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ዲጄ ቆሞ «ሳሙና ግዙ፣ ቴሌቪዥን አሸንፉ» ሲባል እኔም ተሰለፍኩ። ስሜን፣ ስልኬን፣ የልደት ቀኔን ሞላሁ። ከዛ ልጅቷ የፋይዳ ካርዴን በራሷ ስልክ ፎቶ አነሳችው፤ ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ከሰኞ ጀምሮ ከማላውቃቸው ቁጥሮች ይደወልልኛል። አንዱማ ስሜን እስከ አያቴ ጠርቶ «አሸንፈሃል፣ አሁን የሚመጣልህን ኮድ ንገረኝ» አለኝ። ዘጋሁበት፣ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ 1፦
እንኳንም ዘጋህበት ወንድሜ! ያ ኮድ የቴሌብር ወይም የቴሌግራም መግቢያህ ሊሆን ይችላል፣ ለማንም አይነገርም። እኔን የሚያናድደኝ ግን ፎቶው ነው። ለዕጣ ስልክ ቁጥር ይበቃል እኮ፤ መታወቂያ ያሸነፈው ሰው ሽልማቱን ሊወስድ ሲመጣ ይታያል። የተሰለፈውን ሁሉ ፎቶ ማንሳት ለምን አስፈለገ?

መልስ 2፦
የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለልህ። መረጃህን ሲወስዱ ለነገሩህ ዓላማ ብቻ ነው መጠቀም ያለባቸው፣ የሰጠኸውንም ፈቃድ መልሰህ መውሰድ ትችላለህ። ለድርጅቱ «መረጃዬ ይሰረዝልኝ» ብለህ በጽሑፍ አስገባ፤ ኮፒውን የመቀበያ ማኅተም አስመትተህ ያዝ። እምቢ ካሉህ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤት በል። የደወሉልህን ቁጥሮችም እንዳታጠፋቸው።

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ነገ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ፎቶው ከልጅቷ ስልክ ላይ እንዲጠፋ ነው።